የአባባ ቤት ነፋስ

ሰኞ

ዛሬ የአባባን ቤት ወረርኩት። መሰላል ተሸክሜ ስገባ ከወንበሩ ሳይነሣ «ቀለም ልትቀቢልኝ ነው?» አለኝ። ቀለም ሳይሆን ሴንሰር ነው አልኩት። መሥሪያ ቤታችን የሚሠራቸው ናቸው፤ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያካክሉ፣ ባትሪም ሽቦም የሌላቸው። ጉልበታቸውን ካገኙበት ይቃርማሉ። የበሩ ሰው ሲገፋው ከግፊቱ፣ የወንበሩ ሰው ሲቀመጥበት ከክብደቱ፣ የምድጃው ከሙቀቱ፣ የሁለቱ ቧንቧዎች ከሚወርደው ውሃ፣ የኮሪደሩ ከመስኮቱ ብርሃን። የቃረሙት ለአንዲት መልእክት ሲበቃቸው «በሩ ተከፈተ» ወይም «ምድጃው ጋለ» ብለው ወደ ስልኬ ይልኩና መልሰው ይተኛሉ።

አባባ መነጽሩን አውልቆ ሰማኝ።

«ካልገፋሁት አይናገርም ማለት ነው?»

«አይናገርም።»

«ካልተቀመጥኩበትም?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምኑ ነው ባትሪ የለውም የምትይኝ? እኔ ምንድን ነኝ?»

በሳቅ ከመሰላሉ ልወድቅ ነበር።

ነገ ማንም አላልኩም እንዳይል ውሉን እዚህ ልጻፈው። ወንድም ጋሼ የጥርስ ሐኪም ነው፤ የሚኖረው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ነው። እማማ ካረፈች ወዲህ ሐሳቡ አንድ ነው፤ አባባን ወስዶ እሱ ዘንድ ማኖር። አባባ ደግሞ «ከዚህ ቤት የምወጣው አራት ሰው ተሸክሞኝ ነው» ባይ ነው። ሁለቱ ሲካረሩ እኔ መሀል ገባሁ። ይህ የዝናብና የነፋስ ወቅት እስኪያልፍ እንየው አልኩ። ሴንሰር እሰቅላለሁ፣ መልእክቱ ለእኔም ለወንድም ጋሼም ይደርሳል፣ አባባ ብቻውን መኖር መቻሉን በዓይናችን እናያለን። ወቅቱ በሰላም ካለፈ ቤቱ ይኖራል። አንድ ነገር ከደረሰበት ግን ያለ ክርክር ይሄዳል። ወንድም ጋሼ እሺ አለ። አባባም እሺ አለ፣ ለእሱ ግን ነገሩ ውድድር ነው የመሰለው። ዕድሜውን ሙሉ የስፖርት መምህር ነበር። ተማሪዎቹ ፊሽካ ይሉት ነበር፤ ዛሬም ጢሙ የሸበተ ሰውዬ መንገድ ላይ «ፊሽካ!» ብሎ ይጠመጠምበታል።

ረቡዕ

ፊቴን ሳልታጠብ ስልኬን አየሁ። የመኝታ ቤት በር። ቧንቧ። ምድጃ። ወንበር። ተነሥቷል፣ ታጥቧል፣ ሻይ አፍልቷል፣ ተቀምጧል። ብርድ ልብሴን ሳልገልጥ አባቴን አየሁት! ይህን የፈጠረ ሰው ይባረክ። ከፈጠሩት አንዷ እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ልባረክ።

የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት አይገጥምም፤ መቀርቀሪያው ላልቷል። ቅዳሜ ብሎን መፍቻ ይዤ ሄጄ አጠብቀዋለሁ።

ቅዳሜ

አልሄድኩም። አለቃዬ ጠራኝ። ለአረጋውያን መኖሪያ የሚሠራ አንድ ትልቅ ድርጅት ዕቃችንን ለማየት ይመጣል አሉ። የሚያዩት ደግሞ የአባባን ቤት ነው። ቡና ልቀዳ ስወጣ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት፤ «የሚሞከርበት ሽማግሌ አለን፣ የሠራተኛችን አባት ናቸው፣ በጣም ተባባሪ ናቸው» ይላል። ተባባሪ! አባባ ቢሰማ ፊሽካውን ጆሮው ሥር ይነፋለት ነበር።

ከሰዓት አባባ ደወለ።

«ዛሬ ምድጃውን ደጋግሜ ለኮስኩልሽ። አየሽኝ?»

«አየሁህ አባባ።»

«ወንድምሽስ?»

«እሱም አይቶሃል።»

«በይ እንግዲህ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

መቀርቀሪያውን አነሣሁበት፤ «እሱን ተይው፣ ነፋስ ቢገባ ምን ይሆናል፣ ጠረን ያወጣል» አለኝ። የሚመጣው ቅዳሜ ግን እሄዳለሁ።

ማክሰኞ

ዛሬ ጉድ ፈልቶ ነበር። ገና ቢሮ ሳልገባ ወንድም ጋሼ ደወለ። ድምፁ እንደ ሐኪም ድምፅ ሆኗል።

«አባባ ሆዱን አሞታል።»

«ማን አለህ?»

«ማን ይለኛል፣ ያው አፑ ነዋ! ከጠዋት ጀምሮ መታጠቢያ ቤት ይገባል ይወጣል፣ ይገባል ይወጣል። እንዲህ ያለ ተቅማጥ ሽማግሌን ያደርቃል። አምቡላንስ ልጥራ?»

ስልኬን ሳየው እውነትም የመታጠቢያ ቤቱ በር እብድ ሆኗል። ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ። አባባ ጋ ስደውል ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ሬዲዮ ይሰማል። ለካ ነፋሱ በዚያ በማይገጥም መስኮት እየገባ በሩን ያላጋዋል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ወንድም ጋሼ አላመነንም። እሱም ደውሎ በዝርዝር ጠየቀው፤ መልኩን፣ ብዛቱን፣ ሁሉን። አባባ መልሶ ወደ እኔ ደወለና «በዚህ ዕድሜዬ የሽንት ቤት ሪፖርት ላቅርብ?» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ነገር ከቤቴ ያስወጣኝ ይሆን?» አለኝ። «እኔ እያለሁ?» አልኩት።

ረቡዕ

ትክክለኛው መፍትሔ መቀርቀሪያውን ማጥበቅ ነው። አንዲት ብሎን ናት። ግን ለብሎኗ ሁለት አውቶቡስ መያዝ፣ ኮረብታውን መውጣት፣ ሻይ መጠጣት፣ ከዚያ «ቆይ ትንሽ» መባል አለ። የእንግዶቹ ቀን ደግሞ እየደረሰ ነው። ስለዚህ ከወንበሬ ሳልነሣ አዲስ ሕግ ጻፍኩ፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር በተከታታይ ከተመታ፣ በመሀል ሌላ ሴንሰር ካልተናገረ፣ ነፋስ ነው። በስክሪኑ ላይ በግራጫ ቀለም «ነፋስ» የሚል አንዲት መስመር ብቻ ይታያል፣ ለማንም ማስጠንቀቂያ አይሄድም።

ጽፌ እንደጨረስኩ የትናንቱን ሁሉ አስገብቼ ሞከርኩት። ያንን ሁሉ ጋጋታ ዋጥ አድርጎ አንዲት መስመር ተፋ። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ «እንዲህ ነው እንጂ፣ ሪፖርቱ የሚያምረው ሲጸዳ ነው» አለ። ወንድም ጋሼም «አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል» ብሎ ጻፈልኝ። ሁሉም ሰው ደስ ብሎታል። እኔም።

እሑድ

ዳቦ ልገዛ ወጥቼ የአባባን ጎረቤት ልብስ ሰፊዋን አገኘኋት። ጨርቅ ልትገዛ ወደ እኛ ሰፈር መጥታ ነው። ክንዴን ይዛ ዳር አወጣችኝ።

«አባትሽ ግድግዳ ይዘው ነው የሚሄዱት፣ ታውቂያለሽ?»

«ጉልበታቸው ነው እትዬ፣ የቆየ ነው።»

«ሱሪያቸውም ሰፍቷቸዋል። ላጥብብላቸው ወስጄዋለሁ።»

«ምድጃውን በቀን በቀን ነው የሚለኩሱት፣ አየዋለሁ።»

«ይለኩሳሉ። ይለኩሳሉ የኔ ልጅ፣ ውሃ ብቻ ይጥዱና ያወርዱታል። ጠዋት ጠዋት ‹ልጄ ትጠብቀኛለች› ብለው ነው ከአልጋ የሚነሡት። ብቅ በያ።»

ሴትዮዋ መርፌዋ ብቻ ሳይሆን አፏም ስል ነው። በምን ታውቃለች ብዬ ቤት ገብቼ መዝገቡን አየሁ። ሁሉም ነገር በቦታው ነው። ከመኝታ ቤቱ በር እስከ ወንበሩ የሚወስድበት ጊዜ ከመጀመሪያው ሳምንት ረዘም ብሏል፣ እውነት ነው። ብርድም ይሆናል። ሰው በብርድ ይንቀራፈፋል።

ቅዳሜ ከእንግዶቹ በኋላ ስለሆነ ያኔ በደንብ እሄዳለሁ። ሁለት ቀን አድሬ።

ሰኞ

ወንድም ጋሼ ደወለ። በስልኩ ውስጥ የሚስቱ ድምፅ ከኋላ ይሰማኛል፤ «መጋረጃው ወፍራም ይሁን፣ ጠዋት ፀሐይ ዓይናቸውን ይወጋቸዋል» ትላለች። የማን ዓይን ነው አልኩት። እሱም «ክፍል ማስተካከል ወንጀል ነው እንዴ?» አለ።

ተናደድኩ። ወቅቱ ሳያልቅ መጋረጃ ይገዛል። አባባ ይህን ቤት በእጁ ነው የሠራው፤ የበረንዳውን ደረጃ ያነጠፈው ከእማማ ጋር ሆኖ ነው፣ አንዱ ድንጋይ ላይ የእሷ ጫማ ምልክት አለ። እዚያ ቤት ተቀምጦ በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ ሰላም ካላለ ቀኑ አይመሽለትም። የመኪና ጩኸት በማይቋረጥበት ፎቅ ላይ አውጥተው በወፍራም መጋረጃ ሊጋርዱት!

አይሆንም። መዝገቡ ንጹሕ ነው። ማንም ምንም ሊለኝ አይችልም።

ረቡዕ

እንግዶቹ ነገ። ሸሚዝ አልተተኮሰም። የኮሪደሩ ሴንሰር በደመናው ምክንያት ተኝቷል፣ ብርሃን አጥቶ። ይተኛ፣ ከስክሪኑ አወጣዋለሁ። አባባ ደውሎ ነበር፣ አላነሣሁም። መልሼ እደውላለሁ።

አልደወልኩም። መሽቷል፣ ተኝቶ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት

ገደልነው! እየበላሁ ነው የምጽፈው፣ ደብተሩ ዘይት ነክቶታል።

ሦስት ሆነው መጡ። አለቃዬ ንግግሩን አሳመረ፤ ባትሪ የለውም፣ ጥገና የለውም፣ የሚጠብቀው ሰው አያስፈልገውም። ከዚያ እኔ የአባባን ቤት በትልቁ ስክሪን ላይ ከፈትኩት፣ በቀጥታ። ጠዋት መኝታ ቤት፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤት፣ ቧንቧ። ከዚያ ግራጫዎቹ መስመሮች፤ ነፋስ። ነፋስ። ትንሽ ቆይቶ ነፋስ። አንደኛዋ ሴትዮ፣ መነጽር ያደረገችዋ፣ ጣቷን ቀስራ «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ነበር የምፈልገው። የተቅማጡን ታሪክ ነገርኳቸው፣ በሳቅ ሞቱ። ከዚያ ሕጉን አስረዳኋቸው፤ ሴንሰሩ ሲጮኽ ሁሉ እንደማንደነግጥ፣ ዝም ማሰኘት እንደምንችል። እያወራሁ እያለ እንኳ ሌላ ግራጫ መስመር መጣ። «ይኸው ሠራ!» አልኩ።

ሴትዮዋ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። «እዚህ ግን ቅጠል አይነቃነቅም» አለች። የአባባ ቤት ኮረብታ ላይ ነው አልኳት።

ምድጃውም ወንበሩም ዛሬ አልተናገሩም። ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄዶ ወሬ ይዟል ማለት ነው። እንዲህ በደመቅኩበት ቀን! ይሁን፣ ማታ ደውዬ እነግረዋለሁ፤ አባባ አኮራኸኝ እለዋለሁ።

ዓርብ

ሆስፒታል ነኝ። አባባ ወድቆ ነበር። መታጠቢያ ቤት ውስጥ። ትናንት ጠዋት።

ነፋስ አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋ ናት ያገኘችው። ትናንት ከሰዓት ሱሪውን አጥብባ ልትሰጠው ሄዳ። በሩን አንኳኳች፣ አልከፈተም። ከውስጥ በር ይንኳኳል። ቀስ እያለ ይንኳኳል አለች።

የጉልበቱ አጥንት ተሰንጥቋል። ዳሌው ደህና ነው። በርዶታል። ተኝቷል አሁን። እጄን ይዞ ነው የተኛው፣ በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

እሑድ

እንግዲህ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ጠዋት ታጥቦ ሲዞር እግሩ ከዳው። ስልኩ ወንበሩ ላይ ነበር። መነሣት ሲያቅተው በጀርባው ተንፏቆ እግሩን በሩ ላይ አደረሰ። ከዚያ በሩን ገፋው። ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ላይ የኩራት ነገር ነበረ፤ ጨዋታ አሸንፎ የወጣ ሰው ይመስል ነበር።

«ካልገፋሁት አይናገርም ብለሽኝ የለ? ገፋሁታ! ስገፋው ይልካል፣ መልሼ ስገፋው ይልካል። እግሬን ሲደክመኝ አሳርፌ እንደገና። እያየሽኝ እንደሆነ አውቅ ነበር። ‹አሁን አይታኛለች፣ አሁን አውቶቡስ ላይ ናት፣ አሁን ኮረብታውን እየወጣች ነው› እያልኩ። እሱ ነው ያቆየኝ። አለበለዚያ ሰው በብርድ ወለል ላይ እንዲህ አይረጋጋም።»

ወንድም ጋሼ አጠገቤ ቆሟል። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ነው የመጣው። አባባ «ልብስ ሰፊዋ ቀደመችሽ እንጂ አንቺም መንገድ ላይ ነበርሽ፣ አይደል?» አለኝ።

ነርሷ መርፌ ይዛ ገባች፣ እኔም ውሃ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ኮሪደር ላይ ቆሜ በስልኬ ዋናውን መዝገብ ከፈትኩት፣ ማጣሪያዬ ከመንካቱ በፊት ያለውን። ሁሉም አለ። በር። በር። በር። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ነው፣ ከዚያ እየራቀ ይሄዳል። መሀል ላይ ረጅም ክፍተት አለ፤ ከዚያ እንደገና በር። ሴትዮዋ «ይሄ ምንድን ነው?» ስትለኝ የላከው አለ። «ይኸው ሠራ!» ስል የላከው አለ። ሴንሰሮቹ ምንም አላጠፉም። አባቴ በእግሩ ጉልበት እየሰጣቸው አንድም ሳያጓድሉ ልከዋል። የዋጥኩት እኔ ነኝ።

ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብዬ አለቀስኩ። የሚያልፍ ሰው ሁሉ «አይዞሽ» ይለኛል፤ ቢያውቁ አይሉም ነበር።

ሰኞ

ለወንድም ጋሼ ትናንት ማታ ነገርኩት። ይጮኽብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። «ስለ ተቅማጡ ያን ያህል ባልጨቃጨቅ ኖሮ አትጽፊውም ነበር» ብሎ ራሱን ያዘ። ይህ ከጩኸት የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ልክ አይደለም። መቀርቀሪያው ብሎን ነበር የሚፈልገው።

ለአባባ ዛሬ ነገርኩት። ብቻችንን ስንሆን፣ ወንበሩን ስቤ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሕጉን፣ ግራጫዋን መስመር፣ እንግዶቹን።

«ሁሉንም ነው የዋጠው?»

«ሁሉንም።»

«አንዱም አልደረሰሽም?»

«ደርሶኝ ነበር አባባ። ነፋስ መስሎኝ ነው።»

አንድ ቀልድ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አባባ እኮ በእማማ ቀብር ማግስት እንኳ ቀልዷል። አልመጣም። «ነፋስ» አለ ብቻውን፣ ቃሉን አዲስ እንደሰማው ሰው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት። አልተኛም፣ እስትንፋሱን አውቀዋለሁ። እዚያው ቁጭ አልኩ። ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም።

ረቡዕ

አባባ ይሄዳል። ማንም አላስገደደውም። ጠዋት ወንድም ጋሼ ጥርሱን ሲያጥብለት ወደ እኔ ሳያይ፣ «ውል ውል ነው። ደረሰብኝ፣ ስለዚህ እሄዳለሁ» አለ። ጉልበቴ እስኪጠና ነው አለ። ሐኪሙም እስኪጠና አለ። ሁላችንም እስኪጠና፣ እስኪጠና እያልን ዕቃውን ስንሸክፍ ዋልን። የክረምት ልብሱንም የበጋ ልብሱንም አስገባን።

መኪና ውስጥ ከማስገባታችን በፊት በረንዳው ላይ ትንሽ አስቀመጥነው። ልብስ ሰፊዋ የጠበበውን ሱሪ አመጣች፣ «ሲወፍሩ ይመልሱልኝ፣ እለቀዋለሁ» አለችው። ሳቀ። ለእሷ ሳቀላት። እኔን ሲሰናበተኝ ሳመኝ፣ ግን ምንም አላለኝም። ወንድም ጋሼ ቀበቶውን ሲያስርለት አባባ «ልጅቷን አትቆጣት» ሲለው ሰማሁ። ልጅቷ አለኝ። ስሜን አልጠራም።

ከዚያ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፣ ዓይኔ አብጦ። አለቃዬ እንግዶቹ ወደዱት፣ ሪፖርቱን ላኪላቸው አለኝ። ያልተጣራውን የሐሙስ መዝገብ አትሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አነበበው። ወረቀቱን ገለበጠ። አሁንም በር ነው። «ይሄን ካየ ማን ይገዛናል?» አለ።

«አልገዙንም እንበል። እኛ ግን ምን እንደሠራን እናውቃለን።»

«አባትሽ እንዴት ናቸው?» አለኝ በመጨረሻ፣ ሽማግሌው ሳይል። ከዚያ ነገ አብረን እንጽፈዋለን አለ፤ ማንም ሰው ደውሎ ሳያረጋግጥ ማሽኑ በራሱ ነፋስ እንዳይል። እሺ አልኩት። አባባን ግን አይረዳውም።

ቅዳሜ

ይኸው ቅዳሜ፣ ሄድኩ። ሰው በሌለበት ቤት።

ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን ሰጠችኝ። ሴንሰሮቹን ነቅዬ ልወስድ ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ብሎን መፍቻዬን አውጥቼ የመስኮቱን መቀርቀሪያ አጠበቅኩ። ሻይ ለመጠጣት የሚወስደውን ያህል ጊዜ አልወሰደም። ጨርሼ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ወለሉ ይበርዳል። በጣም ይበርዳል።

ቤቱ አንድም ነገር አልጎደለበትም፣ ግን አይሸትም። የአባባ ሳሙና፣ ሬዲዮው ሲግል የሚሸተው፣ ምንም የለም። ወጥ ቤት ገብቼ የቧንቧ ውሃ በብርጭቆ ቀዳሁ። ቆሜ ጠጣሁ። ደግሜ ቀዳሁ። ስልኬ ጮኸ። ወንድም ጋሼ መስሎኝ አነሣሁት።

«ውሃ ብቻ ነው እንዴ የምትጠጪው?»

አባባ ነው። ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

«አባባ? በምን አወቅህ?»

«ወንድምሽ ስልኩን አስይዞኝ ሥራ ሄደ። መጋረጃ እያየሁ ከምውል። በሩ ተከፈተ አለኝ፣ ሌባ ነው አልኩ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ቧንቧ፣ ደግሞ ቧንቧ። ሌባ ይህን ያህል ውሃ አይጠማውም።»

መሳቅም ማልቀስም ቃጣኝ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ መጡ። እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከሆስፒታሉ ወዲህ እንዲህ አላወራንም።

«አባባ፣ ልነቅላቸው ነው የመጣሁት።»

«ምኑን?»

«ሴንሰሮቹን።»

«ማን ንቀይ አለሽ? ተዪያቸው። ምሳ በላሽ?»

«አልበላሁም።»

«አውቄያለሁ፣ ድምፅሽ ቀጥኗል። የወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ እንቁላል አለ፣ ሰፊዋ ናት ያስቀመጠችው፣ ለአንቺ ብላ። ምድጃውን ለኩሺ። እኔ ከዚህ አይሻለሁ።»

ለኮስኩት። የምድጃው ሴንሰር እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ብረቱ ካልጋለ ጉልበት የለውም፣ ጉልበት ከሌለው አይናገርም። ይህን አባባም ያውቃል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆምኩ፣ እሱም ስልኩን እንደያዘ ቆየ። የእሱን እስትንፋስ እሰማለሁ። ከእሱ ዘንድ ከሩቅ መኪና ይጮኻል። «መጣ?» አልኩት። «ገና ነው» አለ። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ጠየቅኩት። «ገና ነው የኔ እናት፣ አትቸኩይ፣ እያየሁ ነው» አለኝ።

መጥበሻውን ጣድኩ። ዘይቱ መንጫጫት ሲጀምር፣ ከዚያ ማዶ፣ የወንበር መንቋቋት ሰማሁ፤ ተነሥቶ ሊቀመጥ የሞከረ መሰለኝ።

«መጣ! መጣ ልጄ፣ አየሁሽ!» አለ።

እንቁላሉን ሰበርኩ።